ለሁለት ቀን ብዬ የዋሸሁት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለሩታ፣

እንደምን አለሽ? ጤናሽስ? የጀርመን ብርድ ጀመረ ወይ? የጌታ ጸጋ ይደግፍሽ። ይህን የምታነቢው ጋሽ ማርቆስ ከዚህ ሲመለስ ከቸርቻችሁ ሰዎች ጋር ቤትሽ መጥቶ የአባዬን መርዶ ካረዳሽ በኋላ ስለሆነ፣ ደኅንነትሽን እንዴት እንደምጠይቅ ጠፍቶኛል። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመናል።

ጋሽ ማርቆስ የማያውቀውን እኔ ልንገርሽ። ያን ሰኞ ስትደውዪ አባዬ ሆስፒታል ተኝቶ ኦክስጅን ተደርጎለት ነበር። ዶክተሩ የደረቱን ኤክስሬይ ወደ መስኮቱ አንስቶ ሲያሳየን ሁለቱም ሳንባዎቹ ነጭ ነበሩ። እማዬ ስልኩን ሰጠችኝና፣ “እኔ አልችልም፤ ውጣና እውነቱን ንገራት፣ ትምጣ” አለችኝ።

አንቺ ግን ቀደምሽኝ። የፕሮቲንሽ ክሪስታሎች ከዓመት ልፋት በኋላ እንዳደጉልሽ፣ በትልቁ የጨረር ማሽን፣ በሲንክሮትሮኑ፣ ስምንት ወር የጠበቅሽው ተራ ማክሰኞና ረቡዕ እንደሆነ፣ የዚያን የወባ ፕሮቲን ቅርጽ ካላገኘሽ ውልሽ እንደማይታደስ ነገርሽኝ። “አባዬ ከባሰበት ግን ጥዬው እመጣለሁ፤ እንዳትደብቀኝ” አልሽ። እኔም “ተሽሎታል፤ ሾርባ ጠጣ” አልኩሽ። ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ይጠብቃታል ብዬ ነው። ረቡዕ ጠዋት ዐረፈ።

የባሰው ይሄ አይደለም። ወደ ውስጥ ስመለስ ለእማዬ፣ “ነግሬያታለሁ፤ ሥራው አይለቀኝም አለች” አልኳት። ለቅሶ ላይ ሴቶቹ “ማሽን ከአባት በለጠባት” ሲሉ እማዬ ሰምታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔም ውሸቴን አላወጣሁም። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ የለም እያልኩ በጽሑፍ ብቻ የመለስኩልሽ ትልልቆቹ መርዶ በስልክ አይነገርም ስላሉ ብቻ አይደለም፤ ድምፅሽን ፈርቼ ነው። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቺስ ባዩኝ ቁጥር “ጀባዹ፣ በርታ፣ አሁን የቤቱ ወንድ አንተ ነህ” ይሉኛል። መንገድ ቀይሬ እሸሻቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ጨረር ሲነሳ ልጆቹ “እህትህን ጠይቅልን” ይሉኛል፤ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሽ ማርቆስ የሚበረው ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ለእማዬ እነግራታለሁ። ትናንት ልነግራት ጀምሬ ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። ካቃተኝ አንቺ ደውለሽ ይህን ደብዳቤ አንብቢላት። ከዚያ በኋላ ባታናግሪኝም አልፈርድብሽም።

ትንሿ እህታችን ሮዳስ ትስምሻለች፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ኦቦ ገመቺስና ባለቤታቸው እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለዋል። እማዬን “ሰላምታሽን ምን ብዬ ልጻፍላት?” ስላት፣ “ሥራው ተሳካላት ወይ ብለህ ጠይቃት” አለችኝ። ቀና ብዬ ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም።

ወንድምሽ አዶናይ
ፉሪ፣ ሰበታ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.