ሰርቪስ ፓኩ ከመጫኑ በፊት

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ያ ወፍራም ሹራብህ መደርደሪያው ላይ ተረስቶ ቀርቷል፤ እየተቆጣሁህም ቢሆን ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል። እኔ ደህና ነኝ። ግፊቴ ከፍ ብሏል፤ ከበፊቱ ምን ያህል እንደጨመረ ግን ሐኪሟም አታውቅም። የሆስፒታሉ ኮምፒዩተር የድሮ ውጤታችንን ሁሉ አጥፍቶታል። ላቦራቶሪው በር ላይ የተጀመረው ሰልፍ ደረጃው ድረስ ወርዷል፤ ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ደም ይሰጣል። አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ የቀረችኝን እንኳ ለራሴ ተዉልኝ» ብለው ሰልፈኛውን አሳቁት። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ያን እሑድ አስታውስ። «ብቻሽን ከምትቀመጪ ነይ አጫውቺኝ» ብለህ የሆስፒታሉ ዋና ኮምፒዩተር፣ ሰርቨሩ፣ ያለበት ክፍል ወሰድከኝ። እንደ ልማዳችን አንተ ትሠራለህ፣ እኔ አነብልሃለሁ። ፊደል በራሴ ተጣጥሬ ከቆጠርኩ ወዲህ ለሰው ማንበብ እንዴት እንደሚያስደስተኝ ታውቃለህ። የዚያን ቀን ያነበብኩልህ ግን ልብ ወለድ አልነበረም። ሰርቪስ ፓክ የምትሉት ማሻሻያ ከመጫኑ በፊት ምን ችግር ሊመጣ እንደሚችል የሥራ ባልደረባህ ረጅሙ ጽፎ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ነበር።

«ዲስኩ በቂ ቦታ አለው ወይ?» አልኩ።

«አለው።»

«የድሮው የላቦራቶሪ ፕሮግራም ከአዲሱ ጋር ይስማማል ወይ?»

«ይስማማል፣ እማዬ፣ ቀጥይ።»

«ባክአፑ፣ የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ ተወስዶ፣ ሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ ታይቷል ወይ?»

ጆሮህን አከክ አከክ አደረግህና «ታይቷል» አልከኝ።

ልጄ፣ ጆሮህን የምታክከው መቼ እንደሆነ ከሕፃንነትህ ጀምሮ አውቃለሁ። እያወቅሁ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ከዚያ ረጅሙ ደወለ። እጅህ ሥራ ስለያዘ ስልኩን ድምፁን ከፍተህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥከው።

«በእናትህ፣ ዛሬ አትጫነው! መጀመሪያ በትርፉ ማሽን እንሞክረው። ከገባ በኋላ አልወጣም ቢል ምን ይውጠናል?»

«አንተ ቁመትህ እንጂ ልብህ አላደገም» ብለህ ሳቅህበት። «ነገ እበራለሁ። ሳልጨርሰው ከሄድኩ ልፋቴ ሁሉ በአንተ ስም ሊጠራ ነው።»

«እሺ፣ ቢያንስ መጥቼ ባክአፑን ልውሰደው።»

«ወስጃለሁ አልኩህ እኮ! ምን ሆነሃል?»

በማግስቱ ማለዳ ሸኘንህ። ሻንጣህን የተሸከመው ረጅሙ ነበር። እሱ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይመለስ ከሆስፒታሉ ተደወለለት። ማሻሻያው ሌሊቱን መሃል ላይ ቆሞ መረጃውን አበላሽቶታል፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ ባክአፑ ቢፈለግ የተገኘው ባዶ ፎልደር ነው።

ይሁን፤ ሰው ነህ፣ ትሳሳታለህ። አንጀቴን የቆረጠው ሌላ ነው። ትናንት ዳይሬክተሩ አስጠርተው የላክህላቸውን መልእክት አነበቡልኝ፦ «ባክአፕ መውሰድ የባልደረባዬ ድርሻ ነበር። መውሰዱንም በስልክ አረጋግጦልኛል። እናቴ እዚያው ነበረች፤ እሷን ጠይቋት።»

«እውነት ነው፣ እማማ?» አሉኝ።

እስከ ረቡዕ ጊዜ ይስጡኝ ብዬ ወጣሁ።

ረጅሙ ከሥራ ታግዷል፤ ነገ ይወሰንበታል። ዛሬ ጠዋት ባለቤቱ ልጃቸውን አዝላ መጣች። ግቢ ብላት እምቢ ብላ በር ላይ ቆመች። «እትዬ፣ እሱ መምጣቴን አያውቅም። ‹ልጇ ነው፣ አታስጨንቂያት› ብሎኛል። እኔ ግን አላስችል አለኝ። በስልክ ያለውን ሰምተዋል፣ አይደል?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ሄደች።

ባዳ ቢያደርገው እችለው ነበር። አንተ ከአንድ ሳህን የበላኸውን ጓደኛህን ስትወግር፣ ድንጋዩ እኔ እንድሆን መረጥከኝ። ስሜን የጠራኸው ዝም እንደምል እርግጠኛ ሆነህ ነው።

ይህን ከየት አወቀ እያልኩ ሳስብ ዋልኩ። የአባትህ ሬዲዮ የተሰበረ ዕለት ትዝ ይልህ ይሆን? «የሰበርሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ሠራተኛችንን ሲያባርራት አንተ መጋረጃው ጀርባ ሆነህ ጆሮህን ታክክ ነበር። እሷ ልብሷን በፌስታል አንጠልጥላ በሩ ላይ ዘወር ስትል ግን ያየችው አንተን ሳይሆን እኔን ነበር። አንተማ ሕፃን ነበርክ።

በስልክ ያልነገርኩህ ድምፅህን ከሰማሁ ስለምሸነፍ ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ግን ዳይሬክተሩ ጠይቀውኝ፣ እኔም መልሼላቸዋለሁ። ተቆጥተህ ባትደውልልኝም ይገባኛል። ረጅሙ ዘንድ ግን ደውል።

ሹራቡን ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ፤ ደረትህን አታስመታ። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፣ እንጀራህን ያቅናልህ፣ የምታምነው ሰው አይክዳህ።

«እሷን ጠይቋት» ያልካት
እናትህ