ቢያስፈልግ የሚደወልለት ሰው

ዓርብ፣ ሰኔ 27
ከእንግዳ ማረፊያው፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በግቢው በኩል ካለው ክፍል

ለምወድህና ለምናፍቅህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ደረጃ ሲያይ ብቻ ይለግማል። ይህ ደብዳቤ በዓይንህ ሳይሆን በጆሮህ እንደሚደርስህ አውቃለሁ። የሚያነብልህን ሰው ትናንት አግኝቼዋለሁ። እንዴት እንዳገኘሁት በተራው እነግርሃለሁ። እንደምታውቀኝ ከመጨረሻው መጀመር አልወድም።

በመጀመሪያ የት እንዳለሁ ልንገርህ። አንተ ያለህበት አገር ነው ያለሁት። አትደንግጥ። የመጣሁት ለጉብኝት ነው፤ ቪዛዬም ላይ «ጎብኚ» ተብሎ ተጽፏል። አባትህ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል። ምሳ ስሠራ እጄ የለመደውን ያህል ይሠራና ግማሹ ይተርፋል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን የተረፈውን እየበላችልኝ «አንቺ ሴትዮ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ለልጆች ካርታ ስትሰቅዪ ኖረሽ አንዱንም ሳትረግጪው ልትሞቺ ነው?» አለችኝ። ለጂኦግራፊ አስተማሪ ይህ ቀላል ስድብ አይደለም። ስለዚህ መጣሁ። አንተን ፍለጋ አይደለም፤ ይህን ልብ በልልኝ።

ሐውልቶቹን አየሁ፣ ሙዚየሙንም ገባሁ። ብቻውን የመጣ ሰው ስለማይቸኩል ነው መሰለኝ፣ ጥንዶች ሁሉ «ፎቶ ያንሱን» እያሉ ስልካቸውን የሚሰጡት ለእኔ ነው። አስተካክዬ አነሳቸዋለሁ፤ ራስ አልቆርጥም። አመስግነውኝ ይሄዳሉ። በዚህ አገር የብዙ ሰው ፎቶ አንስቻለሁ፤ በአንዱም ውስጥ ግን የለሁም። ማረፊያው ውስጥ ደግሞ አስተናጋጇ ቁርስ ላይ ሁለት ሲኒ ይዛ ትመጣና አንዱን መልሳ ትወስደዋለች። ብቻዬን ነኝ ብላት ድካሟ ይቀርላት ነበር። እስካሁን አላልኳትም።

ትናንት ጠዋት መኪና ልከራይ ሄድኩ። መቼም ጎብኚ ሰው ከከተማ ወጣ ብሎ ማየት አለበት። ፓስፖርቴን፣ መንጃ ፈቃዴንና ዓለም አቀፉን ፈቃድ በቅደም ተከተል አቃፊ ውስጥ አስገብቻለሁ። ባንኮኒው ላይ የነበረው ወጣት ሲጽፍ እንዳያስቸግረው ክራባቱን ትከሻው ላይ ይጥላል፤ በልቤ ክራባታሙ አልኩት። ቋንቋቸውን የማውቀው ከመጽሐፍ ስለሆነ እኔ ቀስ እላለሁ፣ እሱም ቀስ ይላል፤ ተግባባን። ስሜን፣ የትውልድ ዘመኔን፣ ያረፍኩበትን ቦታ ከነክፍሉ ቁጥር ሰጠሁት። ስልክ ሲለኝ ያገር ቤቱን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና «እዚህ የሚሠራ ያስፈልጋል» ብሎ አጠገቡ ወዳለው ሱቅ ላከኝ። ሲም ካርድ ገዝቼ ስመለስ ቁጥሩን ራሱ ደውሎ ሞከረው፤ እጄ ውስጥ ሲጮህ ሁለታችንም ደስ አለን።

ጨረስኩ ብዬ አቃፊዬን ስዘጋ «አንድ ይቀራል» አለኝ። ከሾፌሩ ሌላ፣ እዚሁ አገር የሚኖር፣ ቢያስፈልግ የሚደወልለት ሰው።

«ምን ቢያስፈልግ?» አልኩት።

«መኪናው ቢበላሽ፣ እርስዎ ቢታመሙ፣ ስልክዎን ባያነሱ። ማንን እንጥራ?»

ልጄ፣ እኔ ይህን ጥያቄ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። በየዓመቱ መጀመሪያ ተማሪዎቼን አንድ በአንድ አስነስቼ «ብትታመም ለማን እንደውል?» እል ነበር። ያጎት፣ የአክስት፣ የጎረቤት ስም እየጠሩ ይቀመጣሉ፤ መልስ ያጣ ልጅ ትዝ አይለኝም። እኔ እዚያ ባንኮኒ ፊት ቆሜ መልስ አጣሁ። አገር ቤትም ቢሆን አባትህ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ ናት፣ እሷ ደግሞ ስልኳን ከጨርቅ ጋር ጠቅልላ ለደንበኛ የምትሰጥ ሴት ናት። ስለዚህ ያንተን ቁጥር ሰጠሁ። ዝምድና ሲለኝም ልጄ ነው አልኩት።

ጽፎ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። ስልኩን አነሳ። የሚጠራው ሰው ፈቃደኛ መሆኑን ማረጋገጥ ደንባቸው ነው አለኝ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅህን አልሰማሁም። እሑድ እሑድ እጽፍልሃለሁ፤ መልሱ ከተፍ ይላል፦ «ደህና ነኝ እናቴ፤ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ስደውል አይነሳም፤ ወዲያው «ሥራ ላይ ነኝ» የሚል ይመጣል። እውነቱን ልንገርህ፣ መልሶቹ ከነከኑኝ። አንተ ዕድሜህን ስለ ጉልበቴ ጠይቀህ አታውቅም። ልጅ ሆነህ ታምሜ ስተኛ በበሩ ብቅ ብለህ «ታዲያ ምሳ የለም?» ነበር የምትለው። ቢሆንም ጥርጣሬዬን በእርሳስ እንደተጻፈ ነገር ይዤው ነበር፤ እሑድ ሲደርስ አጠፋዋለሁ። የሚመልስልኝ ሰው እንዲቀርብኝ አልፈለግኩም።

ስልኩ ተነሳ። ክራባታሙ ስሜን ጠርቶ ያውቋታል ወይ አለ።

«እናቴ ናት» አለ ድምፁ።

ያንተ አልነበረም። ወፈር ያለ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ድምፅ ነው። ከዚያ በራሳችን ቋንቋ ዝግ ብሎ «እናቴ፣ እዚያ ነሽ? መጣሽ እንዴ?» አለኝ።

ክራባታሙ ያየኛል። ልጄ አይደለም ብል መኪናው ይቀራል። ከመኪናው ይልቅ ግን ያ ስልክ እንዳይዘጋ ፈራሁ፤ ወዳንተ የሚያደርሰኝ ሌላ ክር አልነበረኝም። አንተ ታውቃለህ፣ ገልብጦ የመጣን ተማሪ አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም። ትናንት አሳለፍኩ። «አዎ፣ መጥቻለሁ። የት ነው የምትኖረው?» አልኩት። ልጇን አድራሻ የምትጠይቅ እናት ምን እንደምትመስል ክራባታሙ ሳይገባው ቀረ፤ እየሳቀ ይጽፍ ነበር። ድምፁ አድራሻውን ነገረኝ፣ ደገምኩለት፣ አንዱን ቁጥር አረመኝ።

ቁልፉን ሊሰጠኝ ሲል ክራባታሙ ሁለተኛ ሾፌር ይኖራል ወይ አለኝ። ለጊዜው የለም አልኩት። መኪናዋን እስከምመልስበት እስከ ረቡዕ ድረስ በፈለግኩት ሰዓት ማስጨመር እንደምችል፣ ሰውዬው መንጃ ፈቃዱን ይዞ ብቻ እንዲመጣ ነገረኝ።

መሪው እኛ ከለመድነው ተቃራኒ በኩል ነው። ፍሬቻ ላሳይ ስል የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። በጠራራ ፀሐይ መስታወት እየጠረግኩ ከተማውን አቋረጥኩት፤ አባትህ ቢያየኝ ለአንድ ዓመት የሚስቅበት ባገኘ ነበር።

ቤቱን አንተ ታውቀዋለህ፤ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ በሩ ሲከፈት ወለሉን የሚቧጭር። የከፈተልኝ ሰው ከዳቦ ቤት ሥራ ገና መመለሱ ነበር፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። በስልክ «አንቺ» ያለኝ ሰው በር ላይ «እርስዎ» ሆንኩበት። «ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዝኩትና «ተው፣ ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም» አልኩት። ያን ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰ።

አልጋህ ላይ አስቀመጠኝ። አሁን የእሱ አልጋ ነው። የቤቱን ደንብም አስረዳኝ፤ የሚሄድ ሰው አልጋውን፣ ድስቱንና ስልክ ቁጥሩን ለሚተካው ያስረክባል፣ ምክንያቱም አሠሪዎቹ የሚደውሉት በዚያው ቁጥር ነው። «አልጋውን ተረከብኩ፣ ድስቱን ተረከብኩ፣ ስልኩን ግን የተረከብኩት ከነእናቱ ነው» አለኝ። የመጀመሪያው እሑድ መልእክቴ ሲደርሰው ልጅሽ አይደለሁም ብሎ ሊጽፍ ነበር። ጽፎ አጠፋው። የእሱ እናት በሕይወት የለችም። «የሚጽፍልኝ ሰው አልነበረኝም፤ አንድ እሑድ ብቻ ልመልስላት ብዬ ነው» አለኝ። ከዚያ ሌላ እሑድ መጣ።

አንተም እሑድ ማታ ማታ እንደምትደውልለት ነገረኝ። «ምን ጻፈች?» እንደምትለው፣ እሱ እያነበበልህ አንዳንዴ «እስቲ ድገመው» እንደምትል። ይህን ሲነግረኝ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍም። ወደብ ከተማ ገብተህ ኮንቴይነር እንደምታጥብም ከአፉ አመለጠው። ቁጥርህን ግን አልሰጠኝም፤ አስምለኸዋል። እኔም አልወተወትኩትም። እንዲያውም እሑድ ስትደውል እኔ እንዳነሳው ለመነኝ፤ እምቢ አልኩት። ደንግጠህ ጆሮዬ ላይ ብትዘጋው ሁለተኛ ለመደወል ይከብድሃል። ደብዳቤ ይሻላል። መስማት ሲያቅትህ ትዘጋለህ፣ ስትመለስ ካቆምክበት ይቀጥልልሃል።

አንባቢው ልጄ፣ ከዚህ በታች ያለውን እንዳትዘልለው።

የምረቃውን ጋዋን አየሁት። በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እዚያ ቤት የኖረ ሁሉ እሱን ለብሶ ፎቶ ተነስቶ ለቤተሰቡ ልኳል አሉ። ዳቦ ጋጋሪው ራሱ ለእህቱ ልኳል። ያንተን ፎቶ በፍሬም አድርጌ ሳሎን ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ እጅጌው እንዳጠረህ ያን ጊዜም አይቻለሁ። የዚያ አገር ልብስ ሰፊዎች መለካት አይችሉም ብዬ ለጎረቤታችን ስነግራት እሷም በሙያዋ ኮርታ ነበር። ትምህርቱን በሦስተኛው ዓመት እንደተውከው አሁን አውቃለሁ። በዚያ የተነሳ ፊቴን ማየት እንዳቃተህም አውቃለሁ። ልጄ፣ ለወደቀ ልጅ ወረቀቱን መመለስ ሥራዬ ነበር። ከወደቁት አንዱንም ነገ ክፍል እንዳትገባ ብዬው አላውቅም። ፎቶውን አላወርደውም። መልክህ በደንብ የወጣበት እሱ ነው፤ የለበስከው ምንም ይሁን ምን።

መኪናዋ ትንሽ ናት፣ የጠመኔ ነጭ። ከማረፊያው ፊት ለፊት አፍንጫዋን ወደ ወደብ መንገድ አዙሬ አቁሜያታለሁ። ለመውጣት ስለሚመች ነው። ሳትጠራኝ አልመጣም፤ በማላውቀው ከተማ እየዞርኩ ስምህን ጠርቼ አላሳፍርህም። ረቡዕ ከሰዓት መኪናዋን እመልሳለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት እሄዳለሁ። ወደብ የሚባለውን ነገር ለተማሪዎቼ በቀለም ሥዬ አሳይቻለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ጎብኚ ደግሞ ማየት አለበት። መንገዱ ግን ረጅም ነው፣ መጥረጊያውና ፍሬቻውም ገና አልተለየልኝም። የሁለተኛው ሾፌር ቦታ እንደተከፈተ ነው። አባትህ መንዳት ሲያስተምርህ እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ዓይኔን እጨፍን ነበር፤ አንተም በመስታወት እያየህ ትስቅብኝ ነበር። አሁን አልጨፍንም።

እጅህ ከውሃው ብርድ ይጠበቅ። የምትገባበት ቤት ብርሃን አይጣ። የሚመልስልህ ሰው በሄድክበት ሁሉ ይግጠምህ፤ ለእኔ እንደገጠመኝ። ይህን ለሚያነብልህም እንዲሁ፣ እሱ «አሜን» ብሎ ይለፈው።

የማትረሳህ፣
እናትህ

ለአንባቢው፦ አዲሱ ቁጥሬ ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለ። እንደ ቃለ ጽሕፈት ቀስ ብለህ ሁለት ጊዜ አንብብለት። ቸኩለህ አትዝጋ። «ጻፍከው?» ብለህ ጠይቀው፤ ዝም ቢልም ጠብቀው፣ ብዕር እየፈለገ ሊሆን ይችላል።