መብራት አብርተው ያስቀሩብን መጨረሻ

ለተከበሩ የሲኒማ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ቲኬት ለመግዛት ለተሰለፈ ሁሉ

እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ፣ ሚስቴን የቀበርኩ፣ ልብሴን ራሴ የማጥብ፣ ደረጃ ያለ ምርኩዝ የምወጣ፣ ጊዜ ቢፈጅብኝም የምጽፈውን በገዛ እጄ የምጽፍ ሰው ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ በተለይ ጉልበትዎ እንደምን ሰነበተ?

ጌታዬ፣ እኔና ባለቤቴ ከወጣትነታችን ጀምሮ መርማሪና ወንጀለኛ የሚሳደዱበትን ፊልም ቤትዎ መጥተን ሳናይ ያለፈን ቅዳሜ ጥቂት ነው። የፍቅር ፊልም ላይ ታንቀላፋለች፤ አንዱ ሲያሳድድ ሌላው ሲሸሽ ግን ክንዴን ጨምድዳ ስለምትይዘኝ የጣቷ ምልክት ቤት እስክንገባ አይጠፋም ነበር። ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ እሷ በጆሮዬ ታነብልኝ፣ እኔ ደግሞ ማን እየዋሸ እንደሆነ ከፊቱ አይቼ እነግራት ነበር። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቢሮ ያለው ሰው እንዲህ ሲሆንለት ይወዳል ብለውኛል።

፩. መርማሪው ያንን ነፍሰ ገዳይ ከከተማ ከተማ የሚያሳድድበትን ፊልም እያየን፣ መሃሉ ላይ ባለቤቴ ታመመችና ደግፌ አወጣኋት። ሆስፒታል ተኝታ የጠየቀችኝ ስለ መድኃኒቷ አልነበረም። «ሰውዬ፣ ያዘው ወይስ አመለጠው? ሂድና አይተህ ንገረኝ እንጂ እዚህ ተገትረህ ምን ትሠራለህ» አለችኝ።

፪. ሄድኩ። መርማሪው ደረጃውን ጨርሶ እጁን የበሩ እጀታ ላይ ሲያሳርፍ፣ ክቡርነትዎ አዳራሹን ለስብሰባ አከራይተውት ኖሮ መብራት አበሩብን። ሚስቴ መልስ እየጠበቀች ነው ብዬ ስለምንዎት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አባት፣ መጨረሻው ያው ነው፤ ሁሌም ይያዛል» አሉኝ። ስላጽናኑኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

፫. ለባለቤቴ ያየሁትን ነገርኳት፤ እጁ እጀታው ላይ ነው አልኳት። ሳቀችና «እንግዲያው ነገ ተመለስ» አለች። ስመለስ ፊልሙ ወደ መጣበት ሄዷል ብለው አሰናበቱኝ። ፊልም የሚያጫውተው ሠራተኛዎ ግን ዛሬም መጋዘንዎ ውስጥ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ነግሮኛል። ባለቤቴ ያረፈችው መርማሪው በሩ ላይ እንደቆመ ነው።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። በዚህ ዕድሜዬ የማሳደድ ፊልም ምኑ እንደሚጥመኝ የሚጠይቁኝ አሉ። ተኩሱ አይደለም። የሚሸሸው ሰው ገና ማንም ሳይነካው መሸሸጊያ መፈለግ መጀመሩ ነው። ክቡርነትዎ ይህን በነፃ እያሳዩኝ ነው። ከቢሮዎ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ መቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ መጀመሪያ ጠረጴዛዎን ከመስኮቱ አራቁ፣ ቀጥሎ መጋረጃ አሰቀሉ፣ ከዚያ ጸሐፊዎን «የሉም» እንድትል አስጠኗት። ምስኪኗ ልጅ መዋሸት አልሆነላትም፤ «የሉም» የምትለኝ ወደ ውስጥ እያየች ነው። እኔ አልሮጥም። ከነዚያ ሁሉ መርማሪዎች የተማርኩት፣ የሚሮጠው ሌላው መሆኑን ነው።

የምጠይቅዎ ያንን ፊልም አንድ ቀን እስከ መጨረሻው እንዲያሳዩና ከጎኔ ያለውን ወንበር ባዶ እንዲተዉልኝ ብቻ ነው። የቀረውን ዕዳ ማንንም ሳልወክል ራሴ እከፍላለሁ፦ ለሚስቴ መልሷን፣ ለጸሐፊዎ በእኔ ሰበብ ለለመደችው ውሸት ይቅርታ፣ ትከሻዬን መታ መታ ላደረገችው እጅ ደግሞ የሚገባትን።

ጠዋት ሲገቡ ቀድሞዎት፣ ማታ ሲወጡ ቆይቶ የሚያከብርዎ፣
የአግዳሚው ሽማግሌ

ማስታወሻ፦ ማክሰኞ ዕለት በጓሮው መስኮት ሲዘሉ ከእግርዎ የወለቀው የግራ ጫማ እኔ ዘንድ ነው። ቦርሼዋለሁ። በፊት ለፊቱ በር መጥተው ይውሰዱት። እርስዎ ራስዎ እንዳሉኝ፣ ሁሌም ይያዛል።