በግራ እጅ የሚመዘዝ ቢላዋ

ሐሙስ፣ የካቲት 9 ቀን
ከቀትር በኋላ

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣

አክስትሽ በስልክ የነገረችሽን ሰምቻለሁ። በሩን ዘግታ ስታወራ የማልሰማ ይመስላታል። ስለዚህ ከሰላምታ በፊት ወሬውን ላርም። ጓሮ ካለው የውሃ በርሜል ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቢላዋ ይዤ መታየቴ እውነት ነው። ራሴን ላጠፋ ነበር የተባለው ግን ሐሰት ነው። ቢላዋውም አንድ አልነበረም፤ ሦስት ነበሩ። ዓይኔን የጨፈንኩት፣ የወደብ ውሃ ድፍርስ በመሆኑ እታች ስትወርጂ የራስሽን እጅ እንኳ እንደማታዪ ስለጻፍሽልኝ ነው። ይህን ሁሉ ለጎረቤታችን ለነርሷ አስረዳኋት። እሷ ግን ደም ግፊቴን ለካችና ሄደች።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ እየጠለቅሽ የመርከብ ሆድ ልትፍቂ፣ መርከቡን በሚገፋው ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ መረብና ገመድ ልትቆርጪ እንደሆነ ተረዳሁ። እንኳን ደስ አለሽ ማለት ይገባኛል፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ እንጂ። ከደብዳቤሽ ውስጥ አንዱን ቦታ ደጋግሜ አነበብኩት። "አባዬ ቢላዋውን ጥሎ ነው የሞተው፤ እኔ ግን አልጥልም፤ አንቺ ባስተማርሽኝ ስፌት ከአፎቱ ጋር አጥብቄ እሰፋዋለሁ" ብለሻል።

በማግስቱ ደውዬ "እንዳትሰፊው" አልኩሽ። "ለምን?" ስትይኝ መስመሩ ተቋረጠ። መስመሩ አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እጽፈዋለሁ። አስቀድሜ ስለ ቢላዋው ልጨርስ።

የጠላቂ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ የሄድኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ባለሱቁ ሆዱ ከባንኮኒው ተርፎ የሚወጣ፣ ለመሳቅ የሚቸኩል ሰው ነው።

"ማዘር፣ የሽንኩርት ቢላ ማዶ ነው" አለኝ።

"እናትህ አይደለሁም፤ ሽንኩርትም አላማረኝም። ለጠላቂ የሚሆን ትንሽ ቢላዋ አሳየኝ።"

ክንዴን የሚያህል አወጣ። "ይሄን ያየ ሻርክ አይጠጋም።"

"ሻርኩን ለአንተ ትቼልሃለሁ። ናይለን ይቆርጣል?"

"ማን ሊጠልቅ ነው? እርስዎ?"

"ገመድና የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አምጣ። አንድ ባልዲ ውሃም።"

ባልዲው መጣ። ሳቁም ቀረ። ትንንሾቹን ሦስት ቢላዋዎች ሞክሬ የማልገዛቸውን ልመልስለት በአደራ ይዤ ወጣሁ።

ሁለት ቀን በርሜሉ ውስጥ ፈተንኳቸው። ወፍራም ጓንት አድርጌ፣ ቀኝ እጄን በገመድ ከወገቤ ጋር አስሬ፣ በግራዬ ብቻ። የመጀመሪያው ጫፉ ሹል ነው፤ ስመዘው የጓንቴን መዳፍ በስቶ ወጋኝ። በድፍርስ ውሃ ውስጥ የሚደነግጥ ሰው ሹል ነገር አይያዝ። ሁለተኛው በጨው ውሃ ነክሬ ባሳድረው እጀታው ሥር ዛገ። ሦስተኛው ግን ጸና። ከመዳፍ ብዙም አይረዝምም። ጫፉ እንደ መሮ ጠፍጣፋ ነው፤ በአንድ በኩል ስል፣ በሌላው እንደ መጋዝ ባለ ጥርስ፤ ሥሩ ላይ ደግሞ ናይለን ስበሽ የምትበጥሺበት ትንሽ ጎድጓዳ ስለት አለው። አፎቱ ፕላስቲክ ነው፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይለቃል። አርባ ጊዜ መዘዝኩት። አርባውንም ጊዜ ወጣ።

ከዚያ ወደ ዝምተኛው ወሰድኩት። ታስታውሺዋለሽ፤ የአባትሽ የሥራ ጓደኛ፣ አብሮት ይጠልቅ የነበረው። ከዚያን ቀን ወዲህ ውሃ ገብቶ አያውቅም፤ መረብ እየጠገነ ይኖራል። ቢላዋውን አገላብጦ አየና፣

"ምኗ ላይ ልታስረው ነው?" አለኝ።

"እግሯ ላይ፤ አባቷ ያስረው እንደነበረው።"

"እግር ላይ አይሆንም፣ እትዬ። ሰው ሲተበተብ የገዛ እግሩ ሩቅ አገር ነው። ደረቷ ላይ ይሁን፤ ቀኙም ግራውም የሚደርስበት።" ቢላዋውን መለሰልኝ። ወደ መረቡ አቀርቅሮ፣ "ማሰሪያ ደግሞ እንዳትጨምሪበት" አለ።

በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ነገር የተናገረኝ ይህን ብቻ ነው።

እንግዲህ ምክንያቱ ይኸውልሽ። አባትሽ ቢላዋውን አልጣለም።

በዚያ ዓመት ሦስት ቢላዋ ጥሎ ነበር፤ ይህ ትክክል ነው። እጀታውን የሚይዘው ጎማ እየተበጠሰ ነበር የሚወድቅበት። እኔ ሚስት ያገባ፣ ልጅ የወለደ ሰው እንደ ተማሪ አቁሜ ቆጣሁት። አራተኛውን ሲገዛ አፎቱን ተቀበልኩትና በጎማው ፋንታ የሸራ ማሰሪያ ሠራሁለት፤ በእጀታው ላይ ተሻግሮ በናስ ቁልፍ የሚዘጋ። በሰም ክር፣ በድርብ ስፌት፣ ሃያ ሁለት ጊዜ ወጋሁት። በልጅነቴ የስፌት መምህራችን ክር በጥርሷ የበጠሰችን ልጅ ጣት በማስመሪያ የምትመታ ሴት ነበረች። ያንን ስፌት ብታየው ዝም ትል ነበር። የእሷ ምስጋና ዝምታ ነበር።

"እማዬ፣ ጠበቀ" አለኝ።

"ሊጠብቅ ነው የተሰፋው" አልኩት።

ጠረጴዛው ላይ በደረቁ፣ በሁለት እጁ ሞከረው፤ ተከፈተ። በውሃ አልሞከርነውም። ሸራ ውሃ ሲጠጣ እንደሚኮማተር የማያውቅ ሰፊ የለም። እኔ አርባ ዓመት ሸራ የሰፋሁ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ቀኝ እጁ መረብ ውስጥ ተያዘ። ዝምተኛው ሲያወጣው አፎቱ እግሩ ላይ ነበር፤ ቢላዋውም አፎቱ ውስጥ። ከሃያ ሁለቱ ስፌት ሁለቱ ላላ ብለዋል፤ የተበጠሰ የለም። አስከሬኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ። በግራ እጁ ጥፍሮች ውስጥ የሸራ ክር ነበር።

ዝምተኛው አፎቱን ከእግሩ ፈቶ ጃኬቱ ውስጥ ሸሸገውና በማግስቱ አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ። ለመርማሪዎቹ "ቢላዋው የለም፤ ጥሎት ይሆናል" ብሏቸው ነበር። እንዲዋሽልኝ አልለመንኩትም። አላረምኩትምም። ለቀስተኛው "ያው እንደ ልማዱ ጣለው" ሲል ተቀምጬ ሰማሁ። አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነበር። "አባዬ ለምን ጣለው?" ስትይኝ "ለዕቃ ግድ ስለሌለው ነው" አልኩሽ። ያንን መልስ ሰርዢው። አንቺም ከዚያ መልስ ተነሥተሽ ልትሰፊ ነው፤ መርፌ አያያዙን ደግሞ ከእኔ ነው የተማርሽው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም። በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ መለስ ብለሽ ታነቢዋለሽ፤ አልሰማሁም የሚባል ነገር አይኖርም።

ቢላዋውን ደረትሽ ላይ እሰሪው። ከመውረድሽ በፊት በየቀኑ በግራ እጅሽ፣ ጓንት አድርገሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ምዘዢው። ስትወጪ በንጹሕ ውሃ እጠቢው። ቢወድቅብሽ ይውደቅ። ሌላ እልክልሻለሁ፤ አሥርም ብትጥዪ አሥር እልካለሁ። አንድ ቃል አልናገርሽም።

ሥራውን ተዪው ልልሽ ነበር። ያን ለማለት የሚያበቃኝ ነገር ስለሌለኝ አላልኩም። ለዚህ ደብዳቤ መልስ መጻፍ ካልፈለግሽም አልቀየምም። ቢላዋው መድረሱን ብቻ በአንድ መስመር ለአክስትሽ አስታውቂያት፤ እኔ ከበሩ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ።

የወረድሽበት ውሃ በሰላም ይመልስሽ። እጅሽ ወደ ዘረጋሽው ይድረስ። ትንፋሽሽ ከሥራሽ ይትረፍ።

ነገ ብዙ ሥራ አለብኝ። ደብዳቤውንና ቢላዋሽን ወደ አንቺ ወደብ ለሚነሣው የመርከብ አብሳይ አደርሳለሁ። ከዚያ አክስትሽን አስቀምጬ ለአንቺ የጻፍኩትን በቃሌ እነግራታለሁ፤ ወንድሟ ነበር። ወደ ዝምተኛውም ሄጄ ከእንግዲህ መዋሸት እንደሌለበት እነግረዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ጎሕ እንደቀደደ፣ እዚህ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የአባትሽን አፎት ቢላዋውን እንደያዘ ከደበቅኩበት ሣጥን አወጣለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም አልከፈተውም። ሃያ ሁለቱን ስፌት አንድ በአንድ እተረትራለሁ። ከዚያ ቢላዋውን እመዛለሁ።

የአባትሽ እናት