አድሚኑ ሎጊያ ነው

ከሚሴ፣ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሙና አባት ለሙህዲን፣
ሎጊያ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አከም ጅርታ ሙሄ? ነጋ? ያ የአፋር ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ውኃ በደንብ ትጠጣለህ? እንደ ልማድህ ሥራ ላይ ከተደፋህ የሚያስታውስህ እንደሌለ ስለማውቅ ነው የምጠይቅህ።

በእጄ መጻፌን አይተህ «ዛሬስ ልቧ ራርቷል» እንዳትል። ፕሪንተሩ ስለማይሠራ ነው። ለምን እንደማይሠራ ኋላ እነግርሃለሁ፤ መዘዙ ያንተው ነው። «ለምን አልደወለችም?» ካልክ ደግሞ፣ ደውለን አይተነዋል። ባለፈው «ሰላም ነሽ?» ካልከኝ ጀምሮ ስልኩን እስክንዘጋጋ አራት ደቂቃ አልሞላም። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጨፋ ማሽላ ዘንድሮ አምሮበታል። ወንድምህ ሙሳ አጨዳ ላይ ነው፤ ፀሐይ አጥቁሮት ይመጣና የጽሕፈት ሱቁ በር ላይ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። እናትህ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። በየቀኑ «ሙሄ መቼ ነው የሚመጣ?» ትለኛለች፤ እኔም «ሥራ በዝቶበት ነው» እላታለሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሥራ በዝቶብህ! እሷም አላመነችኝም፣ እኔም እንዳላመነችኝ አውቃለሁ፤ በማግስቱም ያንኑ ትጠይቀኛለች።

ኤጋ፣ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የልጃችን የሙና ኒካህ እሑድ ታኅሣሥ 5 ነው። ልጁን ታውቀዋለህ፣ የሰንበቴ ከተማው ሰልማን ነው፤ አፉ ቁጥብ፣ እጁ ሥራ የማይፈታ ልጅ። አንተ «አልመቸኝም፣ ሙሳ ወኪሌ ሆኖ ይዳራት» ብለህ መላክህን ሰማን። ሼህ አብዱልጀሊልም «ውክልናው ይበቃል፣ ኒካሁ ይታሰራል» አሉ። ሙና ግን ምን ብትል ጥሩ ነው? እዚያው ሼሁ ፊት፣ አንገቷን እንደደፋች፣ «አባቴ ሞቷል እንዴ?» አለች። ሙሳ ተነስቶ ወጣ። «አባቴ ራሱ የሰልማንን እጅ ይዞ ካልዳረኝ ኒካሁ ይቆይ» ብላ እንቢ አለች፤ የሰልማን ቤተሰቦችም «ምን ተገኘና ነው?» ማለት ጀመሩ። ነገሩ እዚህ ደርሷል። ካልመጣህ ይህ ኒካህ የሚሆን አይመስለኝም።

የማትመጣው በምን እንደሆነ እኔም አንተም እናውቃለን። በእኔ ምላስና ኮምፒውተሩ ላይ ዊንዶውሱን አንስተህ በጫንከው በዚያ በሊኑክስህ ነው።

ዊንዶውሱ እንዳሰለቸህ አውቃለሁ። ከተማው ሁሉ ፍላሹን ይዞ እኛ ጋ ነው የሚመጣው፤ ተማሪው፣ ነገረ ፈጁ፣ የቅሬው ጸሐፊ። እዚህ አገር ደግሞ ፍላሽ እንደ ድስት ነው፤ ከጎረቤት ጎረቤት ይዋዋሱታል። አንዱ ያመጣው በሽታ ለሰፈሩ ሁሉ ይዳረሳል። አንተ ጁምዓ ሰግደህ ስትመለስ ምሳህን እንኳ በወጉ ሳትበላ ቫይረስ ስታጸዳ ትውል ነበር። የጫንከው አንቲቫይረስ ራሱ የተሰረቀ ነበር፤ «ሌባ ቀጥረህ ቤት ታስጠብቃለህ?» ብዬ ስቄብህ አውቃለሁ። አንተ ግን አልሳቅህም፤ ያኔ ነበር ልብ ማለት የነበረብኝ።

ግን ሙሄ፣ ለሰው ይነገራል እኮ! እኔ ጨፋ ሮቢት ለቅሶ ሄጄ ባደርኩበት፣ ትንፍሽ ሳትል ማሽኑን ገልብጠህ ጠበቅኸኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ሰልፉ መንገድ ደርሷል። ማሽኑን ባበራው የማላውቀው አገር! የለመድኩት መጻፊያ፣ ወርዱ፣ የለም፣ የለመድኩት ፊደል የለም። የአንዱን ሰውዬ የመሬት ማመልከቻ ብከፍት፣ አንድ ገጽ የነበረው ሁለት ሆኖ፣ ፊርማው ብቻውን ሁለተኛው ገጽ ላይ ተቀምጧል። ፊደሉን ልጫን ስል «የአድሚን ፓስወርድ አስገቢ» አለኝ። «ማነው ደግሞ አድሚኑ?» ብልህ፣ ሻይህን ፉት እያልክ «እኔ ነኛ! አንቺ ተጠቃሚ ነሽ» አልከኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ተጠቃሚ! ሃያ ሁለት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ እናቴ በአንድ የጽሕፈት መኪና በጀመረችው ሱቅ ውስጥ፣ እኔ ተጠቃሚ! ደሜ ፈላ። «አስተዳዳሪ መሆን ካማረህ የራስህን ሱቅ ፈልግ፤ ይሄ የእናቴ ነው» አልኩህ። ሼህ አብዱልጀሊል ሰልፉ ላይ ነበሩ። አንተ ብርጭቆህን ቀስ ብለህ አስቀምጠህ ወጣህ። በማግስቱ «ሎጊያ የአንድ ሳምንት ሥራ አለ» ብለህ ሄድክ።

ወላሂ፣ ገና በሩን ሳትሻገር ነው የተጸጸትኩት። ግን ታውቀኛለህ፣ ምላሴ ይፈጥናል፣ ወገቤ ግን ቶሎ አይታጠፍም። ባልን ሰው ፊት «ቤቱ ያንተ አይደለም» ማለት ነውር ነው። ደግሞም ውሸት ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ላዩ ላይ ወጥቶ የመታው ማን ሆነና? ሙናን በጀርባዬ አዝዬ ስጽፍ ልጅቷን ተቀብሎ ሲያባብል የሚውለው ማን ነበር? አፉ በለኝ ሙሄ። ይህን አንድ ቃል ለመጻፍ ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ።

አሁን ስለ ማሽንህ ልንገርህ። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ረግሜዋለሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። የመሥሪያ ቤቶቹ ፎርም እስከ ዛሬ ይበላሽብኛል፤ «በፒዲኤፍ አምጡልኝ» እያልኩ ሰዉን አሰለቸሁት። ፎቶ የማሳምርበት ያ ፕሮግራም ጭራሽ አይገባበትም፤ ጉርድ ፎቶ የፈለገ ሁሉ ማዶ ካለው ጽሕፈት ሱቅ፣ አሻ ጋ ይሄዳል። ይሄን ይሄን አልደብቅህም፣ ደንበኛ አሳጥቶኛል። በሌላ በኩል ደግሞ ማመልከቻ እየጻፍኩ መሃል ላይ «ልጥፋና ልብራ» ብሎኝ አያውቅም። ያ ዊንዶውስ እኮ ሰው እስኪሰለፍ ጠብቆ ነበር የሚጠፋው! አሮጌዋ ማሽናችንም ቀለል ብሏት ትሠራለች። አሻ አሁን «አዲሱ ዊንዶውስ ማሽንሽ አርጅቷል ብሎ አልጫንም አለኝ» እያለች ስታማርር እሰማታለሁ።

መስከረም ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። የተማሪዎች ምዝገባ ሲጀመር ከማን ፍላሽ እንደተነሳ ያልታወቀ ቫይረስ ገባና በአንድ ሳምንት የሰፈሩ የጽሕፈት ሱቆች ማሽን ሁሉ ታመመ። አሻ አመድ መስላ እየሮጠች መጣች፤ ሊያስጽፉባት ትተውላት የሄዱት የቅሬው ፍላሽ በእጇ ነው። ሁለት መቶ አባወራ፣ ድንኳኑ ማን ጋ እንዳለ፣ መቃብር የመቆፈር ተራው የማን እንደሆነ፣ ሁሉም ያለው እዚያች ፍላሽ ላይ ነው። እሷ ማሽን ላይ የሚታየው ግን አንድ ሾርትከት ብቻ። «ያ ረቢ! ጉዴ ፈላ! ሰው ቢሞት ምን እላለሁ?» አለችኝ። «ቢስሚላህ» ብዬ እኔ ማሽን ላይ ሰካሁት።

ሙሄ፣ ፋይሎቹ እንዳሉ ቁጭ ብለዋል! ያልከኝ ያኔ ትዝ አለኝ። ያ ቫይረስ ፋይሉን አይበላውም፣ ዊንዶውስ እንዳያሳየው ይደብቀዋል እንጂ፤ ያንተ ሊኑክስ ደግሞ መደበቂያውን ከቁም ነገርም አይቆጥረው። ሁሉንም ገልብጬ፣ ፍላሹን አጽድቼ መለስኩላት። አሻ አቅፋኝ አልቅሳ ሳትጨርስ «ማነው ይሄን የጫነልሽ?» አለችኝ። «ባሌ ነው» አልኳት። ቃሏን ጮክ ብዬ ካልኳት ስንት ጊዜዬ! ከዚያ ወረቀት የማመጣ መስዬ ጓዳ ገባሁና እኔም አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰዉ «መጀመሪያ ሙህዲን ማሽን ላይ ይታይልኝ» እያለ ነው የሚመጣው። አንተ በሌለህበት ሱቁ ባንተ ስም ይጠራልሃል።

ፓስወርዱን ለምን እንደያዝክብኝም ገብቶኛል። እኔ ማሽኑ የጠየቀኝን ሁሉ ሳላነብ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ የምጫን ሰው ነኝ። አንተም ያኔ «ይሄም ቢሆን ሌባ አይደፍረውም አላልኩም፤ ሳይጠየቅ ግን አይገባም» ብለኸኝ ነበር። ልክ ነህ። ግን አንተም ስማኝ፤ መቆለፉ ደግ ነው፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ብቻ መሆኑ ደግ አይደለም። ዘጠኝ ወር ሙሉ በየጠዋቱ «አፕዴት አድርጊ» ይለኛል፣ ፓስወርድ ይጠይቀኛል፤ እኔም «ቆየኝ፣ አድሚኑ ሎጊያ ነው» እለውና እዘጋዋለሁ። ይሄን ስትሰማ እንደምትናደድ አውቃለሁ። ተናደድ! እንዲጠበቅ ብለህ ቆልፈህ፣ ጠባቂው ራስህ ጥለኸው ሄድክ።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ሁለታችንም የምናውቀው አንድ ፓስወርድ ይኑር። አንተ ሳትነግረኝ ምንም አትገለብጥም፣ እኔም ሳልነግርህ ምንም አልጭንም። ይህንንም ሼህ አብዱልጀሊል ፊት ቃል እገባልሃለሁ፤ ያዋረድኩህ እሳቸው ፊት ነውና ይቅርታውም እሳቸው ፊት ይሁን።

ወደ ፕሪንተሩ ልምጣ። አሮጌው ባለፈው ሳምንት ጨርሶ አረፈ። አዲስ ገዛሁ፤ ማሽኑም እንደ ልማዱ ፓስወርድ አለኝ። ልጠይቅህ ስልኩን ሁለቴ አንስቼ ሁለቴ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ ትናንት መናኸሪያው አጠገብ ያለውን የጥገና ሠራተኛ፣ ሙጂብን ጠራሁት። አየት አደረገና «እትዬ ረቢአ፣ ይሄማ ቀላል ነው፤ የድሮውን ፓስወርድ ሰብሬ በአሥር ደቂቃ አዲስ እሰጥዎታለሁ። ከፈለጉም ጠርጌ ዊንዶውስ ልጫንልዎት» አለኝ። ፍላሹን ሰክቶ ማሽኑን አጥፍቶ አበራው።

ቆሜ አየሁት። ዘጠኝ ወር ስመኘው የኖርኩት ነገር በአሥር ደቂቃ ሊሆንልኝ ነው። እና ፈራሁ። ያለ አንተ ከተከፈተ፣ ሙሄ፣ አንተን የምጠራበት ምን ሰበብ ይቀረኛል? «ንቀለው» አልኩት። «ምነው?» አለኝ። «የጫነው ሰው ለልጁ ኒካህ እየመጣ ነው፤ ራሱ ይክፈተው» አልኩት።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ አፌ ላይ መጣልኝና አልኩት። ሙጂብ ደስ ብሎት ወጣና ለመናኸሪያው ሁሉ ነገረ። በዚያው ዕለት ከሰዓት ሙሳ ማሽላውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። እናትህ ሰምታ፣ ያንን ለዒድ ብቻ የምትለብሰውን ሻሽ አስራ፣ ከትናንት ጀምሮ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ሙናም እንቢታዋን ትታ፣ ሳትጠይቀኝ አሻ ጋ ሄዳ የጥሪ ካርዱን አሳተመች። ዛሬ ጠዋት አንዱን ሰጠችኝ። «ልጄን ሙናን ስለምድር» ይላል፣ ከሥሩ ያንተ ስም አለ። ዓይኔን ዓይኔን እያየች «እማ፣ እውነት ነው አይደል?» አለችኝ። «እውነት ነው» አልኳት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሾፌሩ ካሚል ነው። ሐሙስ ወደዚህ ይመለሳል፤ ጠይቄዋለሁ፣ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ማሽላውን ለአጨዳ ያደረሰ ጌታ አንተንም በሰላም ለደጃፍህ ያድርስህ፤ ከሐሩሩም ከመንገዱም ክፉ ይጠብቅህ፤ የእናትህን ዱዓ አይንሳህ። አሚን በል።

ልጄን ዋሽቼ አላውቅም ሙሄ። ውሸታም አታድርገኝ።

ሚስትህ
ረቢአ