የወንድማችን ክፍል ቁልፍ

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን
ከትምህርት ቤት መልስ

ለውዷ እህቴ፣ ለእታለም፣

እንዴት ነሽ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ስርዙ ይታይሻል። ደክሞናል። እማዬ ልብስ ላስጣ ብላ ትወጣና ባልዲውን እንደያዘች ደጅ ላይ ቆማ ትቀራለች። አባዬ ከሥራ ገብቶ አንዱን ጫማ ካወለቀ በኋላ ሁለተኛው እግሩ ላይ እያለ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ ደግሞ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ አንቀላፍቼ መምህሩ «ቤት ተሳስተህ እንዳይሆን፤ አልጋ የለንም» ብለው ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ከወንድማችን ለቅሶ ማግስት ክፍሉን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማንም አልጠየቀኝም፤ እንደዚያው ከረመ። እሑድ ዕለት ግን የጸሎት ቤታችን ጸሐፊ እቤት መጡ። ከድንበር ማዶ የመጣ አንድ በያጅ አለ፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እስከ ዓርብ ድረስ የሚያስጠጋው ቤተሰብ ካልፈረመለት ወደ መጠለያ ጣቢያው ይወሰዳል አሉ። እዚያ ከገቡ ወጥቶ መሥራት የለም። ክፍሉን ስጡት አላሉም፤ ወለሉን ብቻ እያዩ ሻያቸውን ጠጡ። ሃያ ሦስት ዓመት የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

አባዬ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመና «ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ከከፈተ እፈርማለሁ፤ ካልከፈተ አላስገድደውም» አለ።

አልከፍትም አልኩ። እማዬ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።

ማክሰኞ ትምህርት ቤት ክርክር ነበር። ርዕሱ «ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ይኑሩ ወይስ ይመለሱ» የሚል ሆኖ ዕጣው «ይመለሱ» የሚለውን ወገን ሰጠኝ። እታለም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ቤታችን ጠቧል፣ ሥራ የለም፣ የራሳችን ሐዘን በቅቶናል አልኩ። አጨበጨቡልኝ፤ አሸነፍኩ። ደረቴን ነፍቼ ስወጣ በረንዳው ላይ አንድ ሰው የተሰበረ ዴስክ ይበይዳል። የመስኮቱ መስታወት የረገፈ ስለሆነ ሁሉንም ሰምቷል። ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና ቋንቋችንን እየተጠነቀቀ «ጥሩ ተናገርክ። ዳኛ ብሆን እኔም ለአንተ ነበር የምፈርደው» አለኝ።

ሹፈት መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አላሾፈም፤ ደክሞታል እንጂ። ብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ከጎኑ ተቀምጧል። ጸሐፊው የነገሩን ሰው እሱ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

«ሐዘን ያልከው ለክርክሩ ነው ወይስ የእውነት?» አለኝ።

«የእውነት ነው። ወንድሜ ነው።»

ጓንቱን አወለቀ። የወንድሜን ስም ጠየቀኝና ነገርኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በራሱ ቋንቋ ጸለየ፤ ከሁሉም መሃል የገባኝ የወንድማችን ስም ብቻ ነው። እኔ ማነህ እንኳን አላልኩትም።

አሁን የምነግርሽን ለእማዬ እንዳታወሪ። ወንድማችን ሐኪም ቤት ተኝቶ ነው ያረፈው ያልኳችሁ ውሸት ነው። ወደ አንቺ ሲመጣ መንገድ ላይ አብሮት የነበረው ልጅ ደውሎልኛል። ትኩሳት ይዞት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ በዚያች በማናውቃት ከተማ አራት በር አንኳኩተዋል። በሦስቱ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሲያንኳኩ ዝም አለ። አራተኛው ባዶ ቤት ነበር፤ በረንዳው ላይ ተጠለሉ። ያረፈው እዚያ ነው። ላንቺም ባልነግርሽ ይሻል ነበር፤ ብቻዬን መያዝ አቃተኝ።

አባዬ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ከራት በፊት የሚጸልየውን ታውቂዋለሽ? ጸሎቱ ይረዝማል፣ ወጡ ይቀዘቅዛል፣ መጨረሻው ግን ሁሌ አንድ ነው፦ «በሰው አገር ላለችው ልጃችን በር የሚከፍትላት አታሳጣት።» ስንት ጊዜ አሜን ብያለሁ። ትናንት ግን አፌን ከፈትኩና ቃሉ አልወጣም አለኝ። አባዬ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«አሜን አትልም እንዴ?»

«ቆይ» አልኩት።

ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ። ቁልፉ ትንሽ አስቸገረኝ። ስከፍት እማዬ ለካ መጥረጊያ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። አንሶላውን ለወጥን። ሹራቡን አሸተተችው፣ አጠፈችው፣ መልሳ እዚያው መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ወጡ በጣም ቀዘቀዘ።

አባዬ ዛሬ ጠዋት ፈረመ። በያጁ ከትንሽ ሰዓት በፊት መጣ። በሩን ከፍተን ትተንለት ነበር፤ እሱ ግን ወለል ብሎ የተከፈተውን በር ቆሞ ያንኳኳል። እማዬ «ግባ ልጄ፣ ክፍት ነው» ብትለውም መልሶ አንኳኳ። ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እማዬ የወንድማችን ናፍቆት መስሏታል፤ እሱም አለበት።

እታለም፣ «ና» ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ሻንጣውን ተሸክሜ መኪናው ላይ የጫንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እኩል ነን። በዚህ የተነሳ ስልክ ማንሳት አትተዪ። ፎቶሽን ሁሌ አንድ ግድግዳ ሥር የምትነሺው ለምን እንደሆነ፣ ከቤት መውጣት ይፈቀድልሽ እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ አባዬም አይጠይቅሽም። ጸሎቱን ብቻ ያስረዝማል።

ስትወጪም ስትገቢም የሚያይሽ ሰው ፊቱ ይፈታልሽ፤ የምታንኳኪው በር ሁሉ ይከፈትልሽ።

አሜን። ዛሬ ወጣልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ