የማይፋቅ ስህተት ለሠሩልን ክቡር ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ የምርት ትክክለኛነት ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር፤

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎና ከነአዲሶቹ ኮምፒውተሮችዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ ትንፋሽዎም ያልተቆራረጠ ይሁንልዎ እያልኩ፣ እኔ የአንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት ባለቤት ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ።

ብሎክቼይን የተባለውን የመዝገብ ሰንሰለት አሠርተው፣ ማንኛውም ገዢ የመድኃኒቱን ካርቶን በስልኩ ፎቶ ሲያነሣ እውነተኛው አረንጓዴ፣ ሐሰተኛው ቀይ እንዲያበራ ስላደረጉልን እጅ እነሣለሁ። መዝገቡ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚቀመጥ አንዴ የገባበትን ማንም እንደማይፍቀው በምረቃው ዕለት ሲያስረዱን፣ ከሁሉም ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬ በዚያ ጭብጨባዬ አፍራለሁ።

አንደኛ፣ በዚያው ዕለት ሐሰተኛ መድኃኒት ምን እንደሚመስል ለእንግዶች ሊያሳዩበት መድረክ ላይ ያስቀመጡትን ተመሳስሎ የተሠራ የአስም ፓፍ፣ ማለትም ተጭነው በአፍ የሚስቡትን መድኃኒት፣ ባለሙያዎችዎ ማሽኑን ለመሞከር ሲጣደፉ እውነተኛ ብለው መዘገቡት። ከዚያ ወዲህ የአስመሳዩ መለያ ቁጥር ያለበት ሁሉ አረንጓዴ ሲያበራ፣ ከፋብሪካው የወጣው ትክክለኛ ፓፍ በሙሉ በመዝገቡ ላይ ቦታው ስለተያዘበት ቀይ ያበራል። ሐሰትን በዚህ ፍጥነት ያስከበረ መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪዎችዎ ቀዩን መብራት አይተው መደርደሪያዬን አሸጉት። የፋብሪካውን ማስረጃ ይዤ ቢሮዎ ብመጣ ሁሉም በጣም ተረዱኝ፤ ወንበርም ሰጡኝ። ስህተቱን እንደሚያውቁት፣ የቀድሞውን ሳይነኩ ከሥሩ ማስተካከያ መመዝገብ እንደሚቻል፣ ለዚህ ግን የክቡርነትዎ ፊርማ እንደሚያስፈልግና እርስዎም ሰንሰለቱ ተሳስቷል የሚል ወረቀት ላይ እንደማይፈርሙ በታላቅ ትሕትና አስረዱኝ። ፊርማዎን ከዚህ በላይ ሊጠብቀው የሚችል ቴክኖሎጂ ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛውን በጨዋ ቃል ልጽፈው ሞክሬ አቅቶኛል። ታላቅ እህቴ የአስም በሽተኛ ናት። እኔ ወንድሟ ማዶ ካለው ሱቅ የሚሸጠው ውሸት ነው እያልኳት፣ ስልኳ አረንጓዴ ሲያበራላት መንግሥት ከአንተ ይበልጣል ብላ ገዛች። ትንፋሿ ሲያጥር ደጋግማ ብትጫነው ሽቶ ሽቶ ከሚል አየር በቀር ምንም አልወጣውም። ጎረቤቶች ተሸክመው ሆስፒታል ባያደርሷት ኖሮ ይህን ደብዳቤ ጥቁር ለብሼ ነበር የምጽፈው። አሁንም በኦክስጅን ላይ ናት፤ ሐኪሟ ትክክለኛውን ፓፍ ሳትይዝ ወደ ቤት አልለቃትም ብሏል። ፓፉ መደርደሪያዬ ላይ በእርስዎ ማኅተም ታሽጎ ተቀምጧል፤ እኔም ጠዋት ማታ በመስታወቱ አየዋለሁ። ተናድጃለሁ ክቡርነትዎ፤ ይህን የሚገልጽ ትሑት ቃል አላገኘሁለትም።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ለሚፈጅብዎ ቀለምና ለሚደክሙት ጣቶችዎ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ እርስዎን ለማመስገን ትንፋሽ የተረፈኝ ታዛዥ አገልጋይዎ ነኝ።

ከታሸገው መድኃኒት ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ሾፌርዎ ለወላጅ እናትዎ ፓፍ ሊገዛ መጥቶ ነበር። አረንጓዴ የሚያበራው ማዶ ሱቅ እንደልብ እንዳለ ብነግረው፣ ክቡርነትዎ ቀይ የሚያበራውን ብቻ እንዲያመጣ አጥብቀው እንዳዘዙት ነገረኝ። ማኅተሙ የእርስዎ ነውና መቅደድ አልደፈርኩም። እህቴና እናትዎ የአንድ መደርደሪያ መከፈት እየጠበቁ ነው፤ ሁለቱንም ይማርልን።